ያጣና የቈጠበ በአንድ ሚዛን

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በ2022 ዓ.ም. ስለ አንቲባዮቲክ አሰጣጥ አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ መድኃኒቶቹን በሦስት ይመድባል፤ እነርሱም በቅድሚያ የሚሰጡ፥ በጥንቃቄ የሚሰጡና ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚሰጡ ተጠባባቂዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ተጠባባቂዎቹ የተሰጠው ምክር አቅም በሌለው ሆስፒታል ምን ያህል እንደሚያገለግል መመርመር ነው።

አስቀድሞ የመጽሐፉን በጎነት መመስከር ይገባል። ከ30 ለሚበልጡ ሕመሞች የሚሰጠውን መድኃኒት፥ መጠኑንና የቀኑን ብዛት በግልጽ ያመለክታል፤ አንቲባዮቲክ የማያስፈልግ ሲሆንም ይህንኑ ይናገራል። መቈጠብ እንደሚገባም የኮሊስቲን ታሪክ ያስረዳል። ይህ መድኃኒት ኵላሊትን ስለሚጎዳ በ1970ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች ትተውት ነበር፤ ሌሎቹ መድኃኒቶች እየተሸነፉ ሲሄዱ ግን ተመልሰው ያዙት። ይኸው መድኃኒት በቻይና ለአሳማና ለዶሮ ማሳደጊያ በመኖ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገርና ኮሊስቲንን የሚያሸንፍ ጂን በአሳማም በሰውም መገኘቱ በ2015 ዓ.ም. ተገለጸ። ቻይናም በ2017 ዓ.ም. በመኖ መስጠቱን ከለከለች።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ተጠባባቂው መድኃኒት ይሰጥ የሚለው ብዙ መድኃኒት የሚቋቋም ባክቴሪያ መኖሩ ሲረጋገጥ ወይም ሲጠረጠር ነው። ለማረጋገጥ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ያስፈልጋል። በ14 የአፍሪካ አገሮች በተደረገ ጥናት ግን ከ50,000 ያህል ላቦራቶሪዎች መካከል የባክቴሪያ ምርመራ የሚያደርጉት ከመቶ 1.3 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ በጥናቱ ባትካተትም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኮሊስቲን ደግሞ የባሰ ነው፤ መድኃኒት በተነከረ ክብ ወረቀት የሚደረገው የተለመደ ምርመራ ለእርሱ የሚታመን ውጤት አይሰጥም። እንግዲህ ለሐኪሙ የሚቀርለት ጥርጣሬ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ትኵሳቱ ያልበረደለትን ሁሉ ከጠረጠረ ተጠባባቂው የዘወትር መድኃኒት ይሆናል፤ ፈርቶ ቢይዘውም የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ የከበደው ስሕተት በመለኪያው ላይ ነው። ድርጅቱ ከአንድ አገር የአንቲባዮቲክ ፍጆታ ቢያንስ ከመቶ 60 በቅድሚያ ከሚሰጡት ወገን እንዲሆን ግብ አኑሮ ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለ2030 ዓ.ም. ወደ ከመቶ 70 ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ተጠባባቂውን መድኃኒት ገዝቶ በጥበብ የሚቈጥበውና ከቶ አይቶት የማያውቀው በዚህ ሚዛን እኩል ይመሰገናሉ። በ8 አገሮች ስለ 2019 ዓ.ም. የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፥ ካርባፔኔም የተባሉትን ብርቱ መድኃኒቶች በሚቋቋም ባክቴሪያ ከተያዙት ሰዎች ተገቢውን ሕክምና ያገኙት ከመቶ 7 አይሞሉም። ይህን ማጣት ቍጠባ ብሎ መጥራት አይገባም።

ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ከመድኃኒቱ በፊት ደም ወስዶ ቢቻል በአቅራቢያው ወዳለው ላቦራቶሪ ይላክ፤ የተሰጠበት ምክንያት በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ይመርመር። ከዚህም ጋራ መድኃኒቱ አስፈልጎት ያላገኘው ሕመምተኛ ይቈጠር። መጽሐፉ የወሰደውን በሚገባ ቈጥሯል፤ የተከለከለውን ግን አልቈጠረም። በዚህ የተሳሳትሁ ብሆን መምህራንና ጓደኞቼ ተማሪዎች እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።