በክር የተንጠለጠለ አንጀት

ከጥንቸል ትንሹ አንጀት የተቆረጠ፣ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲሜትር የማይሞላ ቁራጭ ከእንስሳው ከተለየ በኋላም ለሰዓታት ይሠራል። አንጎል አያዘውም፣ ደምም አይደርሰውም። ኦክሲጅን በሚንቆረቆርበት ለብ ያለ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከተንጠለጠለ ግን ልሙጥ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ይላላል፣ እንደገና ይኮማተራል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ማግኑስ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1904 አሳተመ። በአገራችን ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ቀንጥሶ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ቅጠሉ አንጀት ያላላ እንደሆነ አንጀቱን ራሱን መጠየቅ የሚቻለው በዚህ ሙያ ነው። ሙያውም የእጅ ሙያ ነው።

ጥሩ ባለሙያ አንጀቱን ሲያወጣ አይጨብጠውም፣ አይጎትተውም። ከጎኑ የተያያዘውን ስስ ሽፋን በመቀስ ጫፍ ያነሳለታል። ውስጡን በፒፔት ያጥባል፤ እዚህ ላይ ግፊት ካበዛ ግድግዳው ተለጥጦ ይጎዳል። ቀጥሎ ክሩ ይመጣል። የዚህን ሰው ችሎታ የምለካው በዚህች ቅጽበት ነው። መርፌዋ የምታልፈው በአንደኛው ግድግዳ ብቻ ነው፤ የቱቦው አፍ ክፍት መቅረት አለበት። ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ ከሰፋቸው አፉ ይዘጋና የሚጨመረው ነገር ወደ ውስጥ እንደልቡ አይገባም። ቋጠሮው ትንሽ ነው፣ ጡንቻውን አያንቅም። የታችኛው ክር ከመንጠቆ፣ የላይኛው ከመለኪያው ጋር ይታሰራል። ውጥረቱ ብዙ ጊዜ 1 ግራም ገደማ ነው፤ እንደ ክራር ጅማት፣ ከላላ አይናገርም፣ ከከረረም ይበላሻል።

ውኃውም የራሱ ጥበብ አለው። በሰፊው የሚሠራበት የታይሮድ ፈሳሽ በአንድ ሊትር 8 ግራም የገበታ ጨው፣ 1 ግራም ግሉኮስ፣ 0.2 ግራም ካልሲየም ክሎራይድና ሌሎች ጨዎች አሉት። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። አየሩም ቁራጩን እንዳያንገላታው በደቃቅ አረፋ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ፈሳሹ በየጊዜው እየተቀየረ፣ ጡንቻው እስኪረጋጋ ምንም አይጨመርበትም።

ድሮ መዝገቡ በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ በሚዞር ከበሮ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከአንጀቱ ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ ጥላሸቱን እየጫረች ነጭ መስመር ትተዋለች። ዘንጓ ጠበቅ ብላ ከነካች ሰበቃው ሞገዱን ያሳጥረዋል፤ ከራቀችም መስመሩ ይቆራረጣል። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ቫርኒሽ ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል። ዛሬ ኮምፒውተር ይመዘግባል፤ ክሩን የሚያስረው ግን አሁንም እጅ ነው።

ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ባለሙያው ጡንቻውን በሁለት መንገድ ያኮማትረዋል። አንዱ ነርቮች የሚያመነጩት አሴቲልኮሊን ነው፤ ሌላው የካልሲየም በሮችን የሚያስከፍት ብዙ ፖታሲየም ነው። ከቤላዶና የሚገኘው አትሮፒን የመጀመሪያውን ያግዳል፣ ሁለተኛውን በአብዛኛው አይነካውም። ጌኦርግ ሜርክ እ.ኤ.አ. በ1848 ከኦፒየም የለየው ፓፓቬሪን ሁለቱንም ያላላል። የናና ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል ካልሲየም ወደ ጡንቻው እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ ያልታወቀ ቅጠል ጭማቂ ጠብታ በጠብታ ሲጨመር፣ መስመሩ መውረዱ ብቻ ሳይሆን የትኛውን መኮማተር አውርዶ የትኛውን እንደተወ ይነበባል። በእርግጥ ብልቃጥ ሆድ አይደለም። የተጠጣ መድኃኒት ጨጓራና ጉበት ያገኘዋል፤ ያንን ክፍል ሌላ ሙከራ ይመልሰዋል።

ቅጠሉ የተዘፈዘፈው በአልኮል ከሆነ፣ ያንኑ ያህል አልኮል ብቻውን ለሌላ ቁራጭ ይሰጣል፤ አልኮልም ያላላልና። በመጨረሻ እጥበት አለ። የተመረዘ ጡንቻም ይላላል፣ የሞተም እንዲሁ፤ በወረቀት ላይ ሁለቱም ከመድኃኒት ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ፈሳሹ ደጋግሞ ይቀየርና አሴቲልኮሊኑ በዚያው መጠን እንደገና ይሰጣል። ጡንቻው የመጀመሪያውን ያህል ከዘለለ፣ ቅጠሉ አላልቶት ነበር ማለት ይቻላል። ካልዘለለ ሌላ ሙከራ ሳይደረግ ምንም ማለት አይቻልም። ከእጥበት በኋላ ያለው መስመር የሌለበት ሥዕል ሲያጋጥመኝ፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ ውጤቱን አልቀበልም።