ጋብል ተረሳ፣ ካሮቱ ቀረ

ባግስ በኒ የሚባለውን የካርቱን ጥንቸል ከነካሮቱ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ፊት ቆሞ ካሮቱን ይቆረጥማል፣ አፉ ሙሉ እንደሆነም ስለ ውሎው ይጠይቀዋል። ይህ አኳኋን መጀመሪያ የጥንቸሉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1934 ፍራንክ ካፕራ ባዘጋጀው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» በተሰኘው ፊልም ላይ ክላርክ ጋብል ገጠር መንገድ ዳር፣ አጥር አጠገብ ሆኖ ካሮት እየጋጠ፣ የሚያልፍ መኪና እንዴት እንደሚለመን ለክሎዴት ኮልበርት ያስተምራታል። እያላመጠ ያወራል፣ እያወራ ያላምጣል። ቴክስ አቬሪ በ1940 «ኤ ዋይልድ ሄር» የተባለውን አጭር ካርቱን ሲያወጣ፣ ሲኒማ ቤት ከነበረው አሜሪካዊ ብዙው ያንን ፊልም አይቶታል። ጥንቸሉ ካሮቱን ሲነክስ ጋብል ትዝ ይለዋል።

እኔ የምሠራው አኒሜሽን ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም አለ፤ የቆዩ ካርቱኖችን በየፍሬሙ እያቆምኩ ማየት የሥራዬ አካል ነው፣ አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶችም የማሳያቸው እንዲሁ እያቆምኩ ነው። ከመካከላቸው ጋብልን የሚያውቅ የለም። ሳቁ የሚመጣው ግን መምጣት ባለበት ቦታ ላይ ነው። ምክንያቱን ሥዕሉ ራሱ ያሳያል። አዳኙ ኤልመር ፈድ ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ ሲምስ ጥንቸሉ በሌላ ጉድጓድ ከኋላው ብቅ ይላል። አቬሪ በኋላ እንደተናገረው፣ ተመልካቹ የጠበቀው ጥንቸሉ እንዲጮኽ ነበር። እሱ ግን ያላምጣል። ዓይኖቹ ግማሽ ተከድነዋል፣ ትከሻው ወርዷል፣ የሚሠራው መንጋጋው ነው፤ መንጋጋውም አይቸኩልም። ሞት ደጁ ቆሞ ምሳውን ያላቋረጠ ፍጡር ነው የምናየው። ከጋብል የተወሰደው ይህ ነው፦ ሰው አፉ ሙሉ ሆኖ ሲያወራ የሚታይበት ልበ ሙሉነት። ጺሙም ጆሮውም አልተወሰደም።

ይህን እንድል የሚያስደፍረኝ አቬሪ ራሱ ዓመት ሳይሞላው የሠራው ሌላ ፊልም ነው። በ1941 በወጣው «ሆሊውድ ስቴፕስ አውት» ውስጥ ሲሮስ የተባለው የሆሊውድ የምሽት ክበብ በዘመኑ ከዋክብት ተሞልቷል፦ ቢንግ ክሮዝቢ፣ ግሬታ ጋርቦ፣ ኬሪ ግራንት። ጋብልም አለ። አንዲት ሴት ከኋላ አይቶ ፊልሙን ሙሉ ሲከተላት ይቆይና፣ ፊቷን ስታዞር ኮሜዲያኑ ግሩቾ ማርክስ ሆና ትገኛለች። ካሪካቸሮቹ ድንቅ ናቸው፤ እንዲህ ፊት ማጋነን የሚችል እጅ ዛሬም ብርቅ ነው። ሆኖም ይህን ፊልም ለወጣቶቹ ስከፍት ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ አዘጋጅ፣ አንድ ተዋናይ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት፤ ፊቱ የተሳለበት ፊልም ማብራሪያ ይፈልጋል፣ አላመጡ የተወሰደበት ግን ማንም ሳያስረዳ ይኸው ያስቃል። በሥራዬ ላይ ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ ንጽጽር የለም።

ሁለቱም ዓይነት አንድ ፊልም ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ቦብ ክላምፔት በ1943 ያዘጋጀውን «ፎሊንግ ሄር»ን ይይ። ባግስ ግሬምሊን ከሚባል፣ አውሮፕላን ከሚያበላሽ ትንሽ ጋኔን ጋር ይፋጠጣል። ግሬምሊን ማለት ይሄ ይሆን እንዴ ብሎ ሲገረም፣ ጋኔኑ ዌንደል ዊልኪማ አይደለሁም ብሎ ይጮኽበታል። ዊልኪ በ1940 ምርጫ በሩዝቬልት የተሸነፈው የሪፐብሊካን ዕጩ ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ አንባቢ ሳቀ፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ሞቷል፣ የሚያስነሳውም የለም፤ ሥዕሉ ላይ የቀረ ምንም ነገር አልነበረውማ።

መጨረሻው ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ በአፍንጫው ቁልቁል ይወረወራል፣ እየተበታተነ ይወርዳል፣ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አየር ላይ ቀጥ ይላል። ቤንዚን አልቆበታል! ጦርነት ነበርና ቤንዚን በራሽን ነበር የሚታደለው፤ መኪናው መስታወት ላይ «ኤ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ተራ ሰው በሳምንት ከ3 እስከ 4 ጋሎን ብቻ ነበር የሚደርሰው። ባግስም ያቺን የ«ኤ» ራሽን ካርድ ነው የሚያማርረው። የካርዷን ታሪክ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሲያይ በሳቅ ከወንበሩ ይነሣል። እየወደቀ ያለ ነገር ነዳጅ አልቆበት መውደቁን ማቆሙ በማንኛውም አገርና ዘመን ያስቃል። ክላምፔት የጊዜውን ብሶት ወስዶ ክብደትና ፍጥነት ሰጠው።

ስለ ፎግሆርን ሌግሆርን፣ ስለዚያ ደረተ ሰፊ አውራ ዶሮ፣ ብዙ አልልም። በ1946 በሮበርት ማኪምሰን ፊልም ላይ ሲወጣ አነጋገሩ ከፍሬድ አለን የሬዲዮ ዝግጅት፣ ኬኒ ዴልማር ይጫወተው ከነበረው ከሴናተር ክላግሆርን የመጣ ነበር። ሬዲዮ ሰውነት አያሳይም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ለድምፁ ደረትና አካሄድ መፍጠር ነበረባቸው፤ ሴናተሩ ተረስቶ ዶሮው የኖረው በዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የፍላይሸር ወንድማማቾች ጉዳይ ነው። ማክስ ፍላይሸር ሮቶስኮፕ የሚባለውን ዘዴ የፈጠረ ሰው ነው፦ የተቀረጸ ፊልም ከመስታወት ሥር እየተንጸባረቀ፣ ሠዓሊው በየፍሬሙ በላዩ ይስላል። በ1932 «ሚኒ ዘ ሙቸር» የተባለውን የቤቲ ቡፕ ካርቱን ሲሠሩ የጃዝ ዘፋኙን ካብ ካሎዌይን አስጨፈሩትና ቀረጹት። ፊልሙ የሚከፈተው ራሱ ካሎዌይ ከነኦርኬስትራው ሲታይ ነው፤ ከዚያ ዋሻ ውስጥ የሚዘፍነው የዋልረስ መንፈስ በእሱ እግር ይንሸራተታል። በዝግታ ሳየው ክብደቱ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው የሚያልፍበትን ቅጽበት አገኘዋለሁ። ይህ በግምት የሚሳል አይደለም፤ የአንድ ሰው አካል ነው። ስሙም መጀመሪያው ላይ ተጽፏል።

የቤቲ ቡፕ የራሷ ነገር ግን እንዲህ አላማረም። በ1930 ስትወጣ የውሻ ጆሮ ነበራት፣ ቆይቶ ጆሮዋ ሎቲ ሆነ። የሕፃን የሚመስለው አዘፋፈኗ የዘፋኟ የሄለን ኬን መሆኑን ያኔ ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። ኬን በ1932 ፍላይሸርንና ፓራማውንትን ከስሳ 250,000 ዶላር ጠየቀች፤ በ1934 ተረታች። ችሎት ላይ ካዋረዷት ማስረጃዎች አንዱ ቤቢ ኤስተር የተባለች ጥቁር ልጅ ጉዳይ ነበር፦ አዘፋፈኑ የእሷ እንደነበረና ኬን በ1928 ስትዘፍን እንዳየቻት አስተዳዳሪዋ መሰከረ፣ የልጅቷ ፊልምም ታየ። ቤቲ ዛሬም ቲሸርት ላይ አለች። ኬንን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። ቤቢ ኤስተር ደግሞ ኬንን በሙግት ማሸነፊያ ሆና ቀረች፤ ለእሷ የተከፈለ ነገር አልነበረም። ይህ ያናድደኛል። እንቅስቃሴና ድምፅ ከባለቤታቸው ስም በላይ ዕድሜ እንዳላቸው የምናውቀው እኛ ባለሙያዎቹ ነን፤ እያወቅን ስሙን መተው ስርቆት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አሁን ስንሠራ ሰሞኑን የገነነ አባባል በስክሪፕት ሲመጣ ድምፁን አጥፍተን እናየዋለን። ሥዕሉ ብቻውን ካልተናገረ ይወጣል። በእጃችን ያለው አጭር ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ጣሪያውን ይዞ፣ መኪናው ሳይቆም እግሩ መሬት የሚነካበትን መንገድ የወሰድነው ከአንድ እውነተኛ ረዳት ነው። ፈቃዱን ጠይቀን ሰጥቶናል፣ ለቀረጻው ቀን ተከፍሎታል፣ ስሙም ከሠዓሊዎቹ ስም ቀጥሎ ይወጣል።