ሁለቱ ማዕዶች

አፕሊዚያ ካሊፎርኒካ፣ በተለምዶ የባሕር ጥንቸል የምትባለው ቅርፊቷን ከቆዳዋ ሥር የደበቀች የባሕር ቀንድ አውጣ፣ በሕይወቷ ሁለት ማዕድ ትፈልጋለች። አንዱ ያሳድጋታል፤ ሌላው የት እንደምታርፍ ይነግራታል። እነዚህን እንስሳት ከእንቁላል የሚያሳድግ ሰው ሙያው በሁለቱ መካከል ነው።

ከእንቁላል የሚወጣው እጭ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ከራሱ በሚዘረጋ ጸጉራም ክንፍ እየቀዘፈ አይሶክራይሲስን የመሰለ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ይበላል። ወር ያህል እንዲሁ እየዋኘ ይቆያል። ምግቡ ካነሰ እድገቱ ይገታል፤ ከበዛ ውኃው ይበላሽና ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ ሆዱን አያለሁ። ቅርፊቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የጠገበ እጭ አንጀቱ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቅርፊቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስና በቀኝ ጎኑ ቀያይ ነጠብጣቦች ብቅ ሲሉ ለማረፍ ደርሷል ማለት ነው።

መድረሱ ብቻ ግን አያሳርፈውም። አርኖልድ ክሪግስታይን፣ ቪንሰንት ካስቴሉቺና ኤሪክ ካንዴል እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ እጩ መልኩን የሚለውጠው ሎሬንሲያ የተባለውን ቀይ አልጌ ሲያገኝ ነው። ካላገኘ መዋኘቱን ይቀጥላል። ካገኘ በአልጌው ላይ ይድሃል፣ መቅዘፊያውን ይጥላል፣ አዲሱ አፉ እስኪሠራም ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ይቆያል። እነዚያን ቀናት የሚሻገረው በዋና ዘመኑ ባጠራቀመው ስንቅ ነው። ከዚያ ያረፈበትን አልጌ መጋጥ ይጀምርና ራሱም ይቀላል።

በሃዋይ የምትገኘው ሌላዋ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ፌስቲላ ሲቦጌ፣ ደግሞ ኮራል በል ናት። እጮቿ ከእንቁላሉ አስኳል በተረፈ ስንቅ፣ ሳይመገቡም ለማረፍ ሊደርሱ ይችላሉ። ማይክል ሃድፊልድና ባልደረቦቹ እንዳረጋገጡት፣ ከፖራይተስ ኮራል ወደ ውኃው የሚሟሟው ንጥረ ነገር ሲነካቸው መቅዘፊያቸውን አጥፈው ይሰምጣሉ። የመጀመሪያውን ማዕድ እናት ልትሸፍን ትችላለች፤ ሁለተኛውን ግን የሚተካ የለም።

አንድ ትንሽ የባሕር ጥንቸል ባረፈ ማግስት ሲሞት፣ ብዙ ጊዜ አልጌው ይወቀሳል። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ የዋና ሳምንታቱን የአመጋገብ መዝገብ እመረምራለሁ፤ በአልጌው ላይ የታየው ድካም እዚያ የጀመረ ሊሆን ይችላልና። እጩ ጨርሶ አላርፍ ሲል ደግሞ ጥያቄዬ አልጌው ትክክለኛው ነው ወይ፣ ትኩስስ ነው ወይ የሚል ነው። ጀማሪዎችን የምመክረውም ይህንኑ ነው፦ እንቁላል ከመሰብሰባችሁ በፊት ንጹሕ ቀይ አልጌ ይኑራችሁ፤ ነጠብጣቦቹ ሳይታዩ ግን ወደ እጮቹ አታስገቡት።