ቆራሌው የማይጠራው

መተማ ዮሐንስ የሄድኩት ለዘመድ ሠርግ ነበር። ስለ ሙቀቱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። የቤቱ እመቤት «መምህር፣ ይጠጡ እንጂ» ብለው ውኃ ሲቀዱልኝ ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ቀረ፤ በግማሽ የተላጠ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት።

«ምን ነበረበት እትዬ?»

«የሰሊጥ መድኃኒት። በኦሞ አጥቤዋለሁ።»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቃል ይገድላል ስል ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት «ፀረ ተባይ ኬሚካል» ይላል፤ ገበያው ግን «መድኃኒት» ብሎታል። የመድኃኒት ዕቃ ማን ይፈራል?

መቼም እኛ አገር ከቆሻሻ አዋጅ ሁሉ በደንብ የሚሠራው የቆራሌው ጥሪ ነው። ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጩኸት አጥሮ የወጣ ነው ይባላል። እሱ የሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። የባትሪ ድንጋይ ያለው ብሎ ሲጣራ ግን ሰምቼ አላውቅም። የመርዝ ጀሪካንስ? እሱንማ ባይጠራው ይሻላል፤ ቀልጦ ኩባያ ሆኖ ቢመለስብንስ!

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የጠርሙስና የጣሳ አምራችና አስመጪ ባዶውን መልሶ የሚሰበስብበትን ዘዴ እንዲዘረጋ ይጠይቅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከለከለ። ደግ ነው። ስለ ፌስታል ያወራነውን ያህል ግን ስለዚህ ጀሪካን ስናወራ አልሰማሁም።

ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። በዚያው ሠርግ የተጠጣው ቢራ ጠርሙሱ ከነሣጥኑ ተቆጥሮ ተመልሷል፤ መያዣ ተከፍሎበታላ! አንድ ቢጎድል የሙሽራው አባት ይጠየቃሉ። የቢራ ጠርሙስ ከመተማ ቆላ ጎንደር መመለሻ መኪና ካላገኘ ጉድ ይባላል፤ የመርዝ ዕቃ ግን ሄዶ ይቀራል። ብራዚሎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሕግ ገበሬው ባዶውን እንዲመልስ፣ ሻጩ እንዲቀበል፣ አምራቹ እንዲረከብ አስገድደዋል። እስኪመለስም ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ እጣቢውን ወደ መርጫው መገልበጥ፣ ከዚያ ዕቃውን መብሳት ነው።

ይኼንኑ ለእመቤቲቱ አስረዳሁ። አዳምጠው ሲያበቁ «ከበሳሁትማ ውኃ በምን ልቀዳ?» አሉኝ።

በማግስቱ ከገበያ አዲስ ጀሪካን ገዝቼ ሰጠኋቸው። አሮጌውን በምስማር በስቼ፣ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ መድኃኒቱን የሚሸጠው ነጋዴ ሳይቀር «ምን ላድርግልዎ?» ብሎ ሳቀብኝ። እስከ ቀትር ድረስ ይዤው ነበር።