ነጩን ማን ይነካዋል?

«ጋሼ፣ የሐበሻ ጥለት ከየት ነው የማወርደው?» አለች አዲሷ ሠራተኛ። የተሰጣት ሥራ የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው፤ ደንበኛው ካርዱ ከዳር እስከ ዳር በጥለት ተሞልቶ፣ መጋጠሚያው የማይታይ ባክግራውንድ እንዲኖረው ፈልጓል። ጉለሌ ውስጥ በህትመት ዲዛይን የቆየው አለቃዋ መልስ ሳይሰጣት ሽሮ ሜዳ ይዟት ሄደ።

በዚህ ጉዳይ ግትር ነው። ጥለት የልብስ ዳር ነው፤ በአንድ መስመር ይሄዳል እንጂ ገጽ አይሞላም ባይ ነው። የነጠላ ውበት ለእሱ ያለው ከጥለቱ በላይ በተዘረጋው ነጭ ላይ ነው። ክርክሩ ሲጠና ሒሳብ ይጠቅሳል። ሩሲያዊው ፌዶሮቭ በ1891 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጠው፣ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ በሁለት አቅጣጫ የሚደጋገም ንድፍ ሁሉ ከ17 የሲሜትሪ ዓይነቶች በአንዱ ይመደባል። በአንድ መስመር ብቻ ለሚደጋገመው ግን ያሉት ዓይነቶች 7 ናቸው። ስለዚህ አንዱን ጥለት ከሌላው በላይ እየደረደሩ «ባክግራውንድ ሆነ» ማለት አይዋጥለትም። ገጽ የሚሞላ ንድፍ የፈለገ ከመነሻው ለገጽ የተሳለውን ይምረጥ ይላል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ በ1883 እ.ኤ.አ. «የእንጆሪ ሌባ» የተባለውን ጨርቅ ሲነድፍ ወፎቹንና ቅጠሎቹን ያሰበው በየአቅጣጫው እንዲቀጥሉ ነው።

መጋጠሚያ መፈተሽ ቀላል ነው። ፎቶሾፕ ላይ ኦፍሴት በሚለው ማጣሪያ 1000 ፒክስል ስፋት ያለውን ምስል 500 ሲገፉት ዳርና ዳሩ መሃል ላይ ይገናኛል፤ ስንጥቁ ካለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተገጠመውም ቢሆን ያሳብቃል። ከጋቢ ላይ የተነሳ ፎቶ አንዲት የክር ቋጠሮ ካለችው፣ ምስሉ ሲደጋገም ቋጠሮዋ በሰልፍ ትቆማለች፤ አንባቢው ከጽሑፉ በፊት እሷን ያያል። ብርሃኑ በአንድ ወገን ከበረታም ገጹ በጥላ ይሸነሸናል።

ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ቀሚስ አንስቶ ጥለቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋላት። ከሩቅ ቀጥ ያለ ሰያፍ የሚመስለው መስመር ደረጃ ደረጃ ነው፤ ባለቀለሙ ማግ ድሩን እየቆጠረ ስለሚያልፍ። ከውጭ የሚገባው የታተመ ጨርቅ ይህን ደረጃ ብዙ ጊዜ አልስልሶ ያጠፋዋል፤ ከኢንተርኔት የሚወርደውም እንዲሁ። ስለዚህ እሱ የሚሠራው በአራት ማዕዘን ፍርግርግ ላይ ነው፤ ለአንድ ክር አንድ ካሬ። አንዱ ቅርጽ በየ24 ክሩ፣ አጠገቡ ያለው በየ36 ክሩ የሚመለስ ከሆነ፣ ሁለቱ እኩል የሚጀምሩት 72ኛው ክር ካለፈ በኋላ ነው። የምስሉ ስፋትም 72 ክር ወይም የ72 ብዜት መሆን አለበት። በ60 የቆረጠ ሰው የቱንም ያህል ቢለጥፍ አይገጥምለትም።

ይህን ቆጠራ የተማረው ከኮምፒውተር አይደለም። አባቱ እንደ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ የመጡ ናቸው። እሳቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ሲሸምኑ እሱ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገባቸው ተቀምጦ ማግ ያጠነጥን ነበር። ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ አልነበራቸውም፤ ቆጠራው ሁሉ በጭንቅላታቸው ነበር። ልጃቸው ከሸማው ርቆ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ሙያው ከቤታቸው የወጣ መስሏቸው አዘኑ። እሱ ግን አንድ ቀን የሚሠራበትን ፍርግርግ አሳያቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ በጣታቸው ካሬዎቹን ቆጥረው፣ አንድ ረድፍ መጉደሉን ነገሩት። ሥራውን እንደ ውርስ ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ካርዱ በመጨረሻ ነጭ ሆነ፤ ከሙሽሮቹ ስም በታች አንድ ጥለት ብቻ ተዘረጋበት። ደንበኛው «ባዶው አልበዛም?» ብሎ ቅር አለው። ዲዛይነሩ የጥለቱን ቁመት በ4 ሚሊ ሜትር ጨመረለት፤ ነጩን ግን አላስነካም።