ታዳሽ ያልነው ሳይታደስ

«ታዳሽ ኃይል» የሚሉት ስም ለጆሮ ይጥማል። ፀሐዩም ነፋሱም በየዕለቱ አዲስ ነውና። የተበላሸውን ባትሪ ግን ማን ያድሰው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ቃሉ ወዲህ፣ ነገሩ ወዲያ ሲሆን «ይኼ ምፀት ይባላል» እል ነበር።

አልተሠራም እንዳይባል፣ አዳማ ላይ በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የነፋስ ጣቢያ ተመርቋል። የሕዳሴው ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት አቅሙ ተመረቀ። የገጠሯ እናት ግን ዛሬም እንጨቷን ተሸክማ ነው የምትገባው። ለምን ቢሉ፣ ዕቅዱ ከአምፖል እንጂ ከምጣድ ስለማይጀምር ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ጣሪያዋ ላይ የተሰቀለላት ትንሿ ሶላር ቤቷን ታበራለች፣ ሞባይል ቻርጅ ታደርጋለች፤ እንጀራ ግን አትጋግርም። ባዮጋዙም ቢሆን በየቀኑ እበትና ውኃ ይሻል። ውኃ ፍለጋ ሩቅ የምትሄድ ሴት ማንን ታስቀድም? ጉድጓዱን ወይስ ልጆቿን?

ሪፖርት ሲጻፍ ደግሞ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ የታደለው ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ ይሠራል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መላው ሩቅ አይመስለኝም። ከቴክኒክና ሙያ የወጣው ሥራ አጥ ወጣት በየወረዳው ጠጋኝ ይሁን፤ መለዋወጫው ከገበያ ቀን ሱቅ አይጥፋ፤ ብድሩም ገበሬው እህሉን ሲሸጥ የሚከፈል ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ምጣዱ ይታሰብ። የማይጠገን ዕቃ አድሎ «ታዳሽ» ማለት ድሃዋንም ቋንቋውንም መበደል ነው።