የፓርላማ አባልን በዘመን መገደብ፦ መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይሻሻል የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ከእኛ ከዲያስፖራው ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ሐሳብ አለ፤ የፓርላማ አባላትም እንደ ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይመረጡ በሕግ ይገደቡ የሚል። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ ነው። ሹም ወንበር ላይ ሲያረጅ ያየ ሕዝብ ወንበሩን ቢፈራ አይገርምም። ይህ ጸሐፊ ግን ሐሳቡን አይቀበለውም።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ፕሬዚዳንቱ ከሁለት የስድስት ዓመት ዘመን በላይ እንዳይመረጥ ያግዳል። አንቀጽ 72 ላይ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲደርስ ግን የሥራ ዘመኑ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው ብሎ ያልፋል፤ ስንት ጊዜ የሚል ቃል የለበትም። ውጤቱን አይተነዋል። ይህ ነው የሚባል ሥልጣን ያልነበራቸው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2013 ሁለት ዘመናቸውን ጨርሰው በሕግ ተሰናበቱ። ከ1991 ጀምሮ አገሪቱን የመሩት አቶ መለስ ዜናዊን ግን በ2012 ከወንበሩ ያነሳቸው ሞት ነው። ልጓሙ የተበጀው ለፈረሱ ሳይሆን ለጥላው ነበር። ዶክተር ዐቢይ በ2018 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን እንደሚገደብ ተናግረው ነበር፤ አንቀጹ ግን እንደነበረ ነው።

የምክር ቤት አባላትን መገደብ ምን እንደሚያመጣ ከሜክሲኮ በላይ የሚያስተምር የለም። በ1933 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የምክር ቤት አባል በተከታታይ እንዳይመረጥ ከለከለች፤ ክልከላው የተነሳው በ2014 ማሻሻያ ነው። ሰዉ እየተቀያየረ አንድ ፓርቲ እስከ 2000 ድረስ ቤተ መንግሥቱን ይዞ ኖረ። ለምን? ዳግም መመረጥ የማይችል ሰው የነገ እንጀራው በመራጩ እጅ አይደለም። ቀጣዩን ሹመት የሚሰጠው ፓርቲው ነው፤ እጁንም የሚያወጣው ፓርቲው ላዘዘው ነው።

የእኛስ ቤት? በ2010 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ፤ በ2015 ደግሞ ሁሉንም ጠቀለሉ። በዚያው በ2010 «መተካካት» ተብሎ ነባሮቹ ተሸኙ። አቶ ስዩም መስፍንም ከ1991 ጀምሮ ከያዙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ወጡ። ሰው ተተካ፤ ድርጅቱ ግን ያው ነበር።

እኛ በምንኖርበት በስካርቦሮ የሚታየው ሌላ ነው። በኦንታሪዮ ለምክር ቤት አባል የዘመን ገደብ የለም። የጃማይካው ተወላጅ አልቪን ከርሊንግ በ1985 በስካርቦሮ ተመርጠው እስከ 2005 ሃያ ዓመት ቆዩ። በዲሴምበር 1995 የማይክ ሃሪስ መንግሥት ቢል 26 የተባለውን፣ ብዙ ሕጎችን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ረቂቅ አጣድፎ ሊያሳልፍ ሲል፣ ድምፅም አልሰጥ፣ ከአዳራሹም አልወጣ ብለው ወንበራቸው ላይ ያደሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ጓደኞቻቸው ከበቧቸው፤ መንግሥትም የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማ ተገደደ። ረቂቁ በመጨረሻ ጸድቋል፤ ሕዝብ ሳይናገር ግን አልጸደቀም። እኚህ ሰው በሁለት ምርጫ ቢገደቡ ኖሮ ያን ጊዜ ቤታቸው ነበሩ።

ረጅም ዘመን ጣጣ የለውም አይባልም። ጂም ካሪጂያኒስ ከ1988 እስከ 2014 ስካርቦሮ አጂንኮርትን በፌዴራሉ ፓርላማ ወክለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት! ከእኛ ልጆች መካከል መወዳደር የሚፈልግ ቢኖር እንዲህ ያለ ስም ፊቱ እንደ ግድግዳ ይቆማል።

«ካናዳም እኮ ጠቅላይ ሚኒስትሯን አትገድብም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን በ1993 ገዢው ፓርቲ በአንድ ቀን ምርጫ ወደ ሁለት መቀመጫ ወርዶ ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ። መራጩ ይህን ማድረግ በሚችልበት አገር ገደቡ ምርጫው ራሱ ነው። እኛ ጋ እስኪመጣ ድረስ ገደቡ የሚያስፈልገው ጦሩን ለሚያዘው ሰው ነው።

ለተመራጩማ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 መድኃኒቱን አስቀምጦለታል፤ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ይላል። ገደብ ይጣል የሚሉ ወገኖች፣ አንድ ወረዳ ይህን መብቱን ያለ ካድሬ ቀስቃሽነት እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል ቢጽፉልን ይህ ጸሐፊ በደስታ ያነባል።